ግሱ ቦታ ሲቀይር

በግዕዝ «ሐነጸ ንጉሥ ቤተ» ይባላል፤ በአማርኛ «ንጉሡ ቤት ሠራ» እንላለን። ግዕዙ ድርጊቱን አስቀድሞ ይነግረናል። አማርኛው ማን፣ ምንን የሚለውን ከጨረሰ በኋላ ነው ድርጊቱ ላይ የሚደርሰው። ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች ናቸው። ታዲያ ግሱን ከዓረፍተ ነገሩ ራስጌ ወደ ግርጌው ምን ወሰደው? የዓለምን ቋንቋዎች እያነጻጸሩ የቃልና የዓረፍተ ነገር አሠራርን የሚመረምሩ የሥነ ልሳን ምሁራን የሚያነሱት ጥያቄ እንዲህ ያለው ነው።

ባለቤት፣ ተሳቢና ግስ በስድስት መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ። ስድስቱም በዓለም ላይ ይገኛሉ፤ ድርሻቸው ግን እጅግ ይለያያል። ማቲው ድራየር የተባለው ምሁር ከ1,300 በላይ ቋንቋዎችን ሲመድብ፣ እንደ አማርኛ ባለቤትን አስቀድመው በግስ የሚዘጉት ከ560 በላይ ሆነው ተገኙ። እንደ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ግሱን መሐል የሚያደርጉት ከ480 በላይ ናቸው። እንደ ግዕዝ በግስ ጀምረው ባለቤትን የሚያስከትሉት 95 ብቻ ናቸው። ከተሳቢ ጀምረው በባለቤት የሚጨርሱት፣ ለምሳሌ በብራዚል አማዞን የሚነገረው ሂሽካርያና፣ 11 ብቻ ናቸው።

ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ለነገሩ ጥልቀት የሰጠው አሜሪካዊው ጆሴፍ ግሪንበርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት 30 ቋንቋዎችን አነጻጽሮ 45 ጠቅላላ ሕጎችን አወጣ። ከሕጎቹ አንዱ በግስ የሚጀምሩ ቋንቋዎች ሁልጊዜ እንደ «ከ» ያሉ መስተዋድዶችን ከስም በፊት ያደርጋሉ ይላል። ሌላው ደግሞ በግስ የሚጨርሱት ከስም በኋላ ማድረግ ይቀናቸዋል ይላል። የግሱ ቦታ የሌሎቹንም ቦታ ይስባል ማለት ነው። ይህ የሚታየው በማይዛመዱ፣ በውቅያኖስ በተለያዩ ቋንቋዎች ዘንድ መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሕጉን በአንድ ቃል ውስጥ ማየት ይቻላል። «ከቤቶቻችን» የሚለውን እንፍታው፤ «ከ»፣ «ቤት»፣ ብዛትን የሚያሳየው «ኦች»፣ ባለቤትነትን የሚያሳየው «ኣችን»። እያንዳንዱ ትርጉም ያለው ትንሹ ክፍል ምዕላድ ይባላል። ቱርኮች ይህንኑ «ኤቭለሪሚዝደን» ይሉታል፤ «ኤቭ» ቤት፣ «ለር» ብዛት፣ «ኢሚዝ» የእኛ፣ «ደን» ከ። ሦስቱ ምዕላዶች በአማርኛው ቅደም ተከተል ቆመዋል፤ የተለየው «ከ» ብቻ ነው። ቱርክኛ በግስ የሚጨርስ ቋንቋ ነውና ሕጉን ጠብቆ ወደ መጨረሻ አድርጎታል። አማርኛም በግስ ይጨርሳል፤ «ከ»ን ግን ከፊት አላነሳም።

ወደ ግዕዝ እንመለስ። ብዙ ምሁራን አማርኛ በቀጥታ ከግዕዝ አልወጣም ይላሉ፤ ሆኖም ግዕዝ፣ አደራደሩ ላላ ያለ ቢሆንም፣ የጥንቱን ሴማዊ ሥርዓት ስለያዘ ለማነጻጸር ይመቻል። ግዕዝ «ቤተ ንጉሥ» ሲል አማርኛ «የንጉሥ ቤት» ይላል። ግዕዝ «ንጉሥ ዘሐነጸ» ሲል አማርኛ «የሠራው ንጉሥ» ይላል። የግዕዙ «ውስተ ቤት» በአማርኛ «ቤት ውስጥ» ነው፤ «ላዕለ ደብር» ደግሞ «ተራራ ላይ»። ግሱ ብቻውን አልተዛወረም፤ ገላጩንም፣ ባለንብረቱንም፣ የቦታ ቃላቱንም አስከትሏል። «ቤተ መንግሥት» እና «ቤተ መጻሕፍት» ግን በጥንቱ ሥርዓት እንደተደረደሩ በመሐላችን ይኖራሉ።

ምክንያቱ ጉርብትና ነው ብለው የሚያምኑት ብዙዎች ናቸው። የኩሽ ቋንቋዎች ግስን መጨረሻ ላይ ያደርጋሉ። ኦሮምኛ «ሞቲቺ መነ ኢጃሬ» ይላል፤ ንጉሡ ቤት ሠራ። «መነ ኬሰ»ም ቃል በቃል «ቤት ውስጥ» ነው። ግን እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ኦሮምኛ የንጉሥ ቤትን «መነ ሞቲ» ይለዋል፤ እንደ ግዕዙ ቤቱ ይቀድማል። ስለዚህ የአማርኛን አደራደር በሙሉ ለኦሮምኛ መስጠት አያስኬድም። በአገው ቋንቋዎች ግን ባለንብረቱም ገላጩ ሐረግም ከስሙ ይቀድማሉ። አገውኛ ተናጋሪዎች ከአማርኛ ጋር የቆየ መቀራረብ ስላላቸው፣ ተመራማሪዎች በመጀመሪያ የሚያነሱት እነሱን ነው። አገውኛ የሚናገሩ ሰዎች አማርኛን ሲይዙ የራሳቸውን አደራደር ይዘው መጥተዋል፤ የዛሬው አማርኛ የእነሱም ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ተመሳሳይ ነገር ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በመስጴጦምያም ሆኗል። ሴማዊው አካድኛ ከሱመርኛ ጋር ሲኖር ግሱን ወደ መጨረሻ አዛወረ፤ ሱመርኛ በግስ የሚጨርስ ቋንቋ ነበርና። ከስም የሚቀድሙ መስተዋድዶቹ ግን በቦታቸው ቆዩ። አማርኛ ከዚያ ርቆ ሄዷል።

ከስም ፊት ወደ ስም ኋላ የሚደረገው እንቅስቃሴ በዕለት ንግግራችንም ይታያል። «በጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው» እና «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው» ሁለቱም ይባላሉ፤ በንግግር የሚቀናን ሁለተኛው ነው። «በ» ብትወድቅም «ላይ» ሥራዋን ትሠራለች። «ከ» ግን እንዲህ አትለቅም። «ከጠረጴዛው ላይ አንሳው» በምንልበት ቦታ «ጠረጴዛው ላይ አንሳው» ብንል ትርጉሙ ይለወጣል፤ ዕቃው ከየት እንደሚነሳ የምትነግረን «ከ» ብቻ ናትና። «ለ»ም እንዲሁ ናት፤ «ለእናቴ ሰጠሁ» ስንል ከኋላ ሆኖ ሥራዋን የሚሠራላት ቃል የለም።