ትከሻዋ ላይ የቀረችው እጅ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ልጄ ላፕቶፗን ታቅፋ ሳሎን ገባችና ሶፋው ላይ አያቷ አጠገብ ቁጭ አለች። «እማማ፣ እስቲ ይኼን እዪልኝ» አለቻት። እናቴ መነጽሯን ፈለገች፤ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው፤ አጠለቀችው። ስክሪኑን ዝም ብላ ስታይ ቆየችና ጣቷን ዘርግታ ፎቶው ላይ ያለውን የራሷን ትከሻ ነካች።

«ይቺ እጅ የማን ናት?»

ልጄ ጎንበስ ብላ አየች። እኔም ከወጥ ቤት መጣሁ። እውነትም ትከሻዋ ላይ አራት ጣቶች አሉ። ክንድ የላቸውም፤ ባለቤት የላቸውም።

«ውይ! ረስቼያት ነው፤ አሁን አጠፋታለሁ» አለች ልጄ።

«ማንን ነው የምታጠፊው?» አለች እናቴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቷት እንኳ በርበሬና ሽሮ ማዘጋጀት አልተወችም። በርበሬው ግቢ ውስጥ ሸራ ላይ ይሰጣል፤ ሽሮው ኮሙናሉ ውስጥ ይቆላል፤ በዚያ ሳምንት የሕንጻው ሰው ሁሉ ሲያስነጥስ ይሰነብታል። መጀመሪያ ለቤት ነበር። ቀጥሎ ለጎረቤት፣ ቀጥሎም ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች ሆነ። ዘንድሮ ልጄ «ለምን ድረ ገጽ አንከፍትለትም?» አለች። ድረ ገጽ ሲከፈት ከላይ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ የሚታየውን ሰፊ ምስል ባለሙያዎቹ ራስጌ ይሉታል። የሱቅ ታፔላ በሉት። ልጄ ታፔላው ላይ የአያቷ ፎቶ እንዲሆን ፈለገች። እኔም ደስ አለኝ።

የመረጠችው የ1976 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ፎቶ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ በዓል እየጠበቀ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ፎቶ አንሺ ያነሳው። ሁለት ሴቶች የአበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ከቆርቆሮ በር አጠገብ ጭቃ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አንዷ እናቴ ናት። ሌላዋ እኛ የግቢው ልጆች ስማቸውን ሳንጠራ «እትዬ» ብቻ የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው። እየሳቁ ነው። እጃቸው እናቴ ትከሻ ላይ ነው።

ያ ግቢ ዛሬ የለም። የድሮው ልደታ ሰፈር በ2000ዎቹ መጀመሪያ በመልሶ ማልማት ፈርሶ አሁን የምንኖርባቸው ሕንጻዎች ተሠሩበት። እናቴ እዚሁ ስትቀር እትዬ ጀሞ ደረሳቸው። አሁን ያንን ግድግዳ ማየት የፈለገ ሰው ይህችን የመዳፍ ስፋት ያላትን ወረቀት ከማየት ሌላ አማራጭ የለውም።

ትንሽ ስለ ሥራው ላውራ። «ልጄ ኮምፒውተር ላይ ተጥዳ የምትውለው ምን ስትሠራ ነው?» የሚል ወላጅ ብዙ ነው፤ እኔም አንዷ ነበርኩ። ፎቶዋ ስፋቷ 9፣ ቁመቷ 12 ሳንቲ ሜትር ናት። ልጄ ስካነር ላይ አስተኛቻትና በአንድ ኢንች 600 ነጥብ እንዲያነብ አዘዘችው። የኮምፒውተር ምስል እንደ ሞሰብ ስፌት ነው፤ ከጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች ይሰፋል፤ ነጥቦቹ ፒክስል ይባላሉ። በዚህ ልክ 9 ሳንቲ ሜትሩ ወደ 2,126 ፒክስል ይሆናል። ለራስጌ የተለመደው ስፋት 1,920 ፒክስል ስለሆነ ይበቃል። ችግሩ ቁመቱ ላይ ነው። ልጄ የመረጠችው ራስጌ ስፋቱ የቁመቱ ሦስት እጥፍ ስለሆነ፣ ከ12 ሳንቲ ሜትሩ የሚያስፈልገው 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቀሚሱ፣ የታችኛው ጥለት፣ እግራቸው ሥር የተጎዘጎዘው ቄጤማ ሁሉ ይቀራል፤ የሚተርፈው ከራስ እስከ ወገብ ነው። ስልክ ላይ ሲከፈት ደግሞ ግራና ቀኙ ይቆረጥና መሀል ላይ ያለው ብቻ ይታያል። በዚያ ላይ የሱቁ ስም የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ያስፈልጋል።

ልጄ ይህን ሁሉ አስልታ የደረሰችበት መፍትሔ እትዬን ማውጣት ነበር።

እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ፎቶዋ መሀል ለመሀል የእጥፋት መስመር አላት፤ ጥግ ጥጓ በሙጫ ቢጫ ሆኗል። (በነገራችን ላይ፣ ገጹ የሚያጣብቅ፣ በፕላስቲክ የሚሸፈን አልበም ቤታችሁ ካለ ፎቶዎቹን ቀስ ብላችሁ አውጡ። ሙጫው ከጊዜ ብዛት ወረቀቱን ይበላዋል። አልላቀቅ ያለውን ግን አትገንጥሉት፤ እዚያው እንዳለ ስካን ይደረግ።) ልጄ እጥፋቱን ለማጥፋት አቧራና ጭረት የሚያጸዳውን መሣሪያ ሙሉ ፎቶው ላይ ለቀቀችው። እናቴ የቢቸና ልጅ ናት፤ አንገቷ ላይ በልጅነቷ የተነቀሰችው ሦስት ረድፍ ንቅሳት አለ። ፕሮግራሙ ቀጭን ጥቁር መስመር ሲያገኝ ጭረት ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ንቅሳቱን ከእጥፋቱ ጋር ጠርጎ ወሰደው።

ቀጥሎ የቀለሙ ጉዳይ መጣ። ጥቁርና ነጩን ቀለም እንዲቀባ ሲታዘዝ የቀሚሱን ጥለት ሰማያዊ አደረገው። ፊቷንም ፈካ አድርጎ ቀባው። ከዚያ ልጄ እትዬ የወጡበትን ክፍተት እንዲሞላላት ጠየቀችው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ፎቶሾፕ የጎደለን ቦታ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየፈጠረ ይሞላል። የድንጋይ አጥርና የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ፈጠረላት። ያማረ ነው፤ እኔ ራሴ ሳላውቀው ባየው አምን ነበር።

«ይኼስ የማን ቤት ነው?» አለች እናቴ። «እኛ ግቢ ጽጌረዳ መቼ ነበር? ጥለቱም ቀይና አረንጓዴ ነው። ደግሞ ይኼ ቀሚስ የኔ እንዳይመስልሽ፤ የእሷ ነው፤ ለዓመት በዓል ብላ አዋሰችኝ። በርበሬ ማዘጋጀት ከአገሬ አውቄ ነው የመጣሁት፤ ቅመሙን መመጠን ያስተማረችኝ ግን ይቺ ያጠፋሻት ሴት ናት።»

ልጄ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «እማማ፣ ማን ነገረኝ?» አለች። እውነቷን ነው። ማንም አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም፤ ፎቶዋን ከአልበም አውጥቼ የሰጠኋት እኔ ሆኜ ሳለ።

ልጄን ብቻ መውቀስ አይገባም። ፎቶ ማሳመር በኮምፒውተር የመጣ ነገር አይደለም። ፎቶሾፕን የሠሩት ሁለት ወንድማማቾች፣ ቶማስና ጆን ኖል፣ ናቸው፤ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከዚያ በፊት ግን ባለሙያዎች ኔጋቲቩ ላይ በሹል እርሳስ እየነኩ ማዲያትና ሽብሽብ ያጠፉ ነበር። እኛ አገር የፎቶ ቤት ሙያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥር ሲሰድ አርመናውያን ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰዋል። በዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ፎቶ በብሩሽ ቀለም ይቀባ ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በእጅ የሚቀባው ሰው የቀሚሱን ቀለም ካላወቀ ባለቤቱን ይጠይቃል። የአሁኑ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ይገምታል። የሚገምተውም ቀድሞ ካያቸው እጅግ ብዙ ፎቶዎች ተነስቶ ነው፤ በእነዚያ ውስጥ የቢቸና ሴት ስንት ጊዜ እንደምትገኝ እናንተው ፍረዱ። በፊልሙ ዘመንም እንዲሁ ነበር። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ቤቶች የቀለም መለኪያ እያደረገ ይልከው በነበረው «ሸርሊ» የተባለ ካርድ ላይ ለረጅም ዓመታት የነበሩት ነጭ ሴቶች ናቸው። የጥቁር ሰው ፊት ወይ ጠቁሮ ወይ ደብዝዞ መውጣቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ዛሬም የሰፈር ፎቶ ቤት ስትገቡ ለጉርድ ፎቶ ኮት ያልያዘውን ሰው በኮምፒውተር ኮት ያለብሱታል። በሞት የተለየ አባት ከልጆቹ ጋር አንድ ላይ እንዲሆን የሚያሠራም አለ። እኔ ይህን አልቃወምም፤ የሚያየው ሁሉ ያውቀዋልና፤ ለማጽናኛ የተሠራ ነው። የሚያስቸግረው ሳይነገር የሚደረገው ነው። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2024፣ በአገራቸው የእናቶች ቀን፣ የዌልስ ልዕልት ኬት ከሦስት ልጆቿ ጋር የተነሳችውን ፎቶ ለቀቀ። የልጇ የሻርሎት የእጅጌ ጠርዝ አልገጥም ብሎ ታየ። አሶሼትድ ፕሬስና ሮይተርስን የመሳሰሉ ታላላቅ የዜና ወኪሎች ፎቶውን በዚያው ዕለት ሰረዙት። በማግስቱ ልዕልቷ አርትዖቱን የሞከርኩት እኔ ነኝ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። አንዲት እናት የልጆቿን ፎቶ ልታሳምር ብላ የዓለም ዜና ሆነች። እጅጌ እንዲህ ካደረገ ሙሉ ሰው ማውጣትማ!

ወደ ሶፋችን ልመለስ። ልጄ ፋይሉን ዘጋችው። ደግነቱ ስካን የተደረገውን ዋናውን ቅጂ አልነካችውም ነበር፤ ሌላ ቅጂ ላይ ነው የሠራችው። ይህንን ከማንም በላይ ያደነቅኩላት ነገር ነው። እንደ አዲስ ስትጀምር አያቷን አጠገቧ አስቀመጠች። በእያንዳንዱ ምልክት ላይ ትጠይቃታለች።

«ይኼስ?»

«እሱ እጥፋት ነው፤ አጥፊው።»

«ይኼስ ጥቁሩ ነጥብ?»

«እሱ የኔ ነው፤ ተዪው።»

እንዲህ እያሉ አመሹ። ቀስ በቀስ የገባኝ፣ እናቴ የምትለየው የወረቀቱን ጉዳት ከሰውየው ምልክት መሆኑን ነው። እጥፋቱ፣ የሙጫው ቢጫ፣ አቧራው የወረቀቱ ነው፤ ይጥፋ። ንቅሳቱ፣ የጭቃ ግድግዳው ስንጥቅ፣ የቆርቆሮው ዝገት የእነሱ ነው፤ ይቆይ። ልጄ ጭረት የሚያጸዳውን መሣሪያ ጥላ እጥፋቱን ብቻ ለብቻው እየነጠለች፣ ከጎኑ ያለውን ግድግዳ በትንሽ በትንሹ እየቀዳች ሸፈነችው። ከሁለት ደቂቃ ሥራ የሦስት ሰዓት ሥራ ሆነ። ቀለሙንም ትታ ጥቁርና ነጭ እንዲሆን ተስማሙ።

ቦታ የማግኘቱ ጉዳይ እንደተፈራው አልከበደም። ሁለቱም ሴቶች በ3 ሳንቲ ሜትሩ ውስጥ ይገባሉ፤ የጠበበው ስሙ ነው። ስሙ ከምስሉ በታች ተጻፈ። ለስልክ ደግሞ ሁለቱን ፊት ለፊት አቅርቦ የያዘ፣ ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጋ ሌላ ቅጂ ተዘጋጀ። ድረ ገጹ የሚከፍተውን ሰው የስክሪን ስፋት እያየ አንዱን ይመርጣል። ክብደቱንም ከ200 ኪሎባይት በታች አወረደችው፤ በካርድ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው ሽሮ ሊያዝ ገብቶ ሒሳቡ ፎቶ ላይ እንዳያልቅ ብላ።

አንድ ነገር ቀረ፤ የእትዬ ፈቃድ። ከመስኮታችን የልደታ ፍርድ ቤት ሕንጻ ይታያልና ሕጉን ማስታወስ ለኛ ሩቅ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየት ወይም ማባዛት አይቻልም ይላል። ሕጉ ሲጻፍ ድረ ገጽ አልነበረም፤ ግን ከድረ ገጽ የበለጠ የሕዝብ ፊት ከየት ይመጣል? ለገበያ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አያቶች ሆይ፣ የልጅ ልጆቻችሁ ፎቷችሁን አንድ ቦታ ከመለጠፋቸው በፊት እንዲጠይቋችሁ መጠበቅ ቁም ነገር እንጂ ቁጡነት አይደለም።

እሑድ ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለች ልጄ ጀሞ ደወለች። ስልኩን ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገችው።

«እትዬ፣ የ76ቱን የእንቁጣጣሽ ፎቶ የበርበሬው ድረ ገጽ ላይ ላወጣው ነበር። ይፈቅዱልኛል?»

«የትኛው? ቀሚሴን ለብሳ የተነሳችው?»

«አዎ፣ እሱ።»

እትዬ ሳቁ። ስለ ግድግዳው ጠየቁ፤ ይታያል አልናቸው። በሩስ? በሩም ይታያል። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «አውጪው፤ ምን ከልክሎሽ» አሉ። ልጄ አመስግና ልትዘጋ ስትል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንቺ ልጅ፣ ኮምፒውተሩን የምትችዪው ከሆነ ግን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያን ጊዜ የፊት ጥርሴ ወላቃ ነበረች። ስስቅ ትታያለች። እሷን ሙይልኝ።»

ልጄ ወደ እኔ አየች። እኔ ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ትናንት ሦስት ሰዓት ሙሉ ምልክት አይጥፋ ሲባል ነበር፤ ጥርሱ ግን የእትዬ ነው። ልጄ ከጎኑ ያለውን ጥርስ ቀድታ፣ ትንሽ አጠር አድርጋ፣ ጥላ ሰጥታ አስቀመጠችው። ሥራው ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም አላስፈለገውም።

እናቴ ስትመለስ ድረ ገጹ ተከፍቶ ጠበቃት። ነጠላዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። በመጀመሪያ ያየችው ትከሻዋን ነው፤ እጇ አለች፣ ክንዷም አለ፣ ባለቤቷም አሉ። አንገቷን አየች፤ ሦስቱም ረድፍ አለ። ግድግዳውን፣ በሩን አየች። ከዚያ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ስክሪኑን ይበልጥ ቀረበችው።

«ይቺ ሴትዮ ግን» አለች፣ «ጥርሷን ያስተከለችው መቼ ነው?»