ፎቶዎቹን ያወጣልን ፍላሽ

አምና ክረምት ላፕቶፔ አልነሣም አለ። ማብሪያውን ስጫነው ሰማያዊ ገጽ ያሳይና ተመልሶ ይጠፋል። ውስጡ የልጆቼ ሠርግ፣ የሟቹ ባለቤቴ ፎቶዎችም አሉ፤ ሌላ ቦታ ቅጂ የላቸውም። ነቀምት ወስጄ ያሳየሁት ባለሙያ «ማዘር፣ ፎርማት ይደረግ፤ ያለው ነገር ግን ይጠፋል» አለኝ። ስንት ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቼ ሁለተኛ ሐኪም ሳላማክር አልቆርጥምና ይዤው ወደ አንገር ጉቲን ተመለስኩ።

ሁለተኛው ሐኪም ለእረፍት የመጣው የልጅ ልጄ ሆነ። «እማማ፣ የታመመው ዊንዶውሱ ነው፤ ፎቶው ያለበት ዲስክ ደህና ሊሆን ይችላል» አለ። ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ነው። እሱ ሲበላሽ ሌላ ተመሳሳይ ፕሮግራም ከውጭ፣ ከፍላሽ ላይ ማስነሣት ይቻላል። ልጁ የመረጠው ኡቡንቱን ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያስጀመረው፣ በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣና በነፃ የሚሰጥ። ፋይሉ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ አይሞከርም፤ እሱ ነቀምት ሳለ በዋይፋይ አውርዶት ኖሯል። ፋይሉን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ብቻውን አይበቃም። ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ይጻፋል፤ ያኔ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

ፍላሹን ሰክቶ ማብሪያውን እንደተጫነ ኤፍ 12ን ደጋገመ። በሌላ ላፕቶፕ ኤፍ 9 ወይም ኤስኬፕ ሊሆን ይችላል። ከምን ልነሣ ብሎ ሲጠይቅ ፍላሹን መረጠ። ቀጥሎ «ሞክር» እና «ጫን» የሚሉ ምርጫዎች መጡ። እዚህ ላይ የልጁ ድምፅ ተለወጠ፦ «ጫን ብለን ዲስኩን እንዲያጸዳ ከፈቀድንለት ፎቶው አለቀለት።» «ሞክር» ሲባል ግን ሁሉም ነገር በጊዜያዊው ሜሞሪ ላይ ይሠራል፤ ራሳችን ካልነካነው ዲስኩ እንዳለ ይቆያል።

ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ በራ። ዲስኩን ከፈተው። ባለቤቴ ጋቢውን ለብሶ በራፋችን ላይ ይስቃል። አልቅሻለሁ፣ አልደብቅም።

ወደ ኤክስተርናል ስንገለብጥ መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ባትሪው የሞተ ስለሆነ ሁለቱንም ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርን።

ፍላሽ ሁሉን አያድንም። ዲስኩ ራሱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደጋግሞ ማስነሣት ይብሱን ይጎዳዋል። ቢትሎከር በሚባለው ከተቆለፈም ያለ ቁልፉ ከፍላሽ አይከፈትም። በ«ሞክር» የጻፉትም ደብዳቤ ሌላ ቦታ ካላስቀመጡት ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ እኔ አንዴ ተታልያለሁ።

ዊንዶውሱን እስካሁን አላሠራሁትም። ፍላሹ ከቡና ስኒዎቹ ጎን ተቀምጧል፤ የፎቶዎቹ ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ ነቀምት ልጄ ጋ ነው።