በጉድጓድ ስለሚኖረው ሸረሪትና ስለ ንግዱ

ይፋግ በ19ኛው መቶ ዘመን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ስማቸው ከገነነ ገበያዎች አንዷ ነበረች። በአሞሌ ጨው የሚገበያዩ ሲራራ ነጋዴዎች ከየአቅጣጫው ይገናኙባት ነበር። በዚያ ዘመን ሸረሪት ገንዘብ ያወጣል የሚል ሰው ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ገበያተኛው ሁሉ በሳቀበት ነበር። ዛሬ ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ታራንቱላ የሚባለውን ትልቅና ጠጉራም ሸረሪት ገዝተው በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ከነዚህ ሸረሪቶች መካከል ፕቴሪኖኪለስ የሚባለው ወገን የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ከመኖሪያዎቹ ትቈጠራለች። የውጭ አገር ሰዎች እግሩ የዝንጀሮ ጣት ስለሚመስል «የዝንጀሮ ሸረሪት» ይሉታል። አያያዙ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ጥልቅ አፈር ያለበት የመስታወት ሣጥን፣ ጥቂት ውሃና አልፎ አልፎ አንድ ፌንጣ ይበቃዋል። ጉድጓዱን ራሱ ስለሚቈፍር ገዢው ዘወትር የሚያየው የጉድጓዱን አፍ ብቻ ነው፤ ለዚህ ገንዘብ መክፈሉ ለብዙ ሰው የሚያስገርም ነው። ቆዳውን ሊለውጥ ሲቃረብ መብል ይተዋል። ይህን ያላወቀ ሰው ታመመ ብሎ ከጉድጓዱ ሲያወጣው ይጐዳዋል። ንክሻውም ብርቱ ሥቃይ ስላለው በእጅ አይያዝም።

ለነጋዴው ዋናው ነገር ግን የእንስሳው ዕድገት አዝጋሚ መሆኑ ነው። በሜክሲኮ የሚገኘው ባለ ቀይ ጕልበት ታራንቱላ ሴቲቱ ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፤ ለመራባት የምትደርሰው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ለቃሚዎች ከየጉድጓዱ እያወጡ ለውጭ ገበያ በመሸጣቸው፣ በ1977 ዓ.ም. በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ቍጥጥር ሥር ገባ። ይኸው ሸረሪት በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቈጠር እንቍላል ስለሚጥል፣ የውጭ አገር አርቢዎች በጠባብ ክፍል እያራቡ ለገበያ ያቀርቡታል። ስለዚህ ትርፉ ከለቃሚው ይልቅ ለአርቢው ያደላል።

ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል የሆነችው በ1981 ዓ.ም. ነው። ሸረሪቱ በስምምነቱ ዝርዝር ያልገባ ወገን ቢሆን እንኳ፣ የዱር እንስሳ ጕዳይ በአገር ውስጥ በአዋጅ ይመራል። ስለዚህ ስለ ሕያው ሸረሪት ከውጭ ጥያቄ የሚደርሰው ላኪ፣ ዋጋ ከመቍረጡና ቀብድ ከመቀበሉ በፊት የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣንን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።