ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ሥራ፦ የማክዶናልድስ የሞስኮ ተሞክሮ



አንድ የፈጣን ምግብ ድርጅት ወደ ውጭ አገር ሲስፋፋ ስንት የሥራ ዕድል ፈጠረ ብለን ስንጠይቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምንቆጥረው በባንኮኒው ጀርባ የቆሙትን አስተናጋጆች ነው። ይህ አቆጣጠር ጎዶሎ መሆኑን የሞስኮው ማክዶናልድስ ታሪክ ያሳየናል።

ምግብ ቤቱ ከረጅም ዓመታት ድርድር በኋላ እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 31 ቀን 1990 በፑሽኪን አደባባይ ተከፈተ። ለ600 ያህል የሥራ መደቦች ከ25,000 በላይ ሰዎች አመልክተው ነበር፤ በመጀመሪያው ቀንም 30,000 ያህል ተመጋቢዎች ተስተናግደዋል። ይሁንና በዕቅድ በሚመራው የሶቪየት ኢኮኖሚ ሥጋውን፣ ዳቦውንና ድንቹን በሚፈለገው ጥራት ከገበያ መግዛት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ድርጅቱ በሞስኮ ዳርቻ በሶልንትሴቮ የራሱን የምግብ ማቀነባበሪያ ለመገንባት ተገደደ። በኋላ ግን ይህ ተግባር ቀስ በቀስ ወደ አገሬው አቅራቢዎች ተሸጋገረ። የሥራ ዕድሉም ከባንኮኒው አልፎ ወደ እርሻው፣ ወደ ዳቦ መጋገሪያውና ወደ ማጓጓዣው ዘለቀ። የምጣኔ ሀብት ምሁራን የመጀመሪያውን ቀጥተኛ፣ ሁለተኛውን ቀጥተኛ ያልሆነ የሥራ ፈጠራ ይሉታል። ከሁለቱ ድምር ላይ ደግሞ በአዲሱ ተፎካካሪ ምክንያት ደንበኛ ያጡ ነባር ምግብ ቤቶች የቀነሱት ሥራ ሊቀነስ ይገባል።

የዚህ ትስስር ጥንካሬ የተፈተነው በ2022 ነው። በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ድርጅቱ ከሩሲያ ሲወጣ 850 ያህል ምግብ ቤቶችና 62,000 ሠራተኞች ነበሩት። ንብረቱን የገዛው አሌክሳንደር ጎቮር ሠራተኞቹን ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይዞ ለመቆየት በውል ግዴታ ገባ። ምግብ ቤቶቹም ከሰኔ ወር አንሥቶ በሌላ ስም እንደገና ይከፈቱ ጀመር። ሥራው የቀጠለው ውል ስለተፈረመ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ግብዓትና ሙያው በአገር ውስጥ ስለነበረም ነው። በዚያው ክረምት ለጥብስ የሚሆን የድንች ዝርያ እጥረት ሲከሠት ግን፣ የተጠበሰ ድንች ከብዙ ምግብ ቤቶች ዝርዝር ለጊዜው ጠፋ። ትስስሩ የቱ ላይ እንደሚሳሳ ያን ጊዜ ታየ።

እንግዲህ የውጭ ድርጅት ሲመጣ ስንት ሰው ይቀጥራል ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን፣ ከማን ይገዛል፣ ሲሄድስ ምን ይቀራል ብለን እንጠይቅ።