ስለ ሻርክ

ሻርክ የሚባለው ዓሣ በጨው ባሕር የሚኖር፥ ከዓሦች ሁሉ ይልቅ ሰው የሚፈራው ፍጥረት ነው። በደጋ ያደገ ልጅ ባሕርን ከቶ ባያይም፥ አዞ ወንዝ የሚሻገረውን ሰው እንዴት እንደሚያስፈራ ሰምቷል፤ በባሕር ዳር ለሚኖሩ ሕዝቦችም የሻርክ ወሬ እንደዚሁ ነው።

የሻርክ ወገን ብዙ ነው፤ ከ500 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት። አንዳንዱ ከስንዝር እምብዛም አይረዝምም፤ ነጭ ሻርክ የሚባለው ግን እስከ 6 ሜትር ይደርሳል። ጥርሱ በአፉ ውስጥ በረድፍ በረድፍ ተሰልፏል፤ የፊተኛው ሲወልቅ የኋለኛው በስፍራው ይተካል። አካሉን ያቆመው ግን ጠንካራ አጥንት አይደለም፤ የሰው ጆሮ የተሠራበትን የመሰለ፥ ሲነኩት የሚታጠፍ ነገር ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1749 ዓ.ም. ብሩክ ዋትሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነበረ። አባትና እናቱ ሞተውበት በመርከብ ያገለግል ነበር። መርከቢቱ በኩባ ደሴት በሀቫና ወደብ ቆማ ሳለች፥ ልጁ ሊዋኝ ብቻውን ወደ ውኃ ገባ። ሌሎቹ መርከበኞች የመርከቢቱን አለቃ ወደ የብስ ለማድረስ በጀልባ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። በድንገት ሻርክ ከታች መጥቶ የልጁን ቀኝ እግር ነክሶ ወደ ጥልቁ ጎተተው። ልጁ እንደ ምንም ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ሻርኩ ዳግመኛ መጥቶ እግሩን ከቍርጭምጭሚቱ ላይ ቈረጠው። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን ጀልባይቱ ደረሰች። አንዱ ቀዛፊ ጫፉ ብረት በሆነ ረጅም እንጨት ሻርኩን ሲመታ፥ ጓደኞቹ ልጁን ስበው ወደ ጀልባይቱ አገቡት።

ሐኪሞች እግሩን ከጉልበቱ በታች ቈረጡት፤ ሦስት ወር ያህል ታክሞ ዳነ። በእንጨት እግር እየሄደም ታላቅ ነጋዴ ሆነ፤ በ1796 ዓ.ም. የለንደን ከተማ ከንቲባ ሆኖ ተሾመ። ጆን ሲንግልተን ኮፕሊ የሚባል ሠዓሊም የዚያን ቀን አደጋ በ1778 ዓ.ም. በታላቅ ሸራ ላይ ሳለው። ዋትሰን ሲሞት ይህን ሥዕል ክራይስትስ ሆስፒታል ለሚባል ትምህርት ቤት ተናዘዘ፤ ተማሪዎቹ እያዩት እንዲጽናኑ ፈልጎ ነው።

ሥዕሉ እጅግ ያማረ ነው፤ የጀልባይቱ ሰዎች ጭንቀት በፊታቸው ላይ ይታያል። ሻርኩ ግን ሻርክ አይመስልም። ሠዓሊው እንደ ሰው ያለ ከንፈር አድርጎለታል። ሀቫናን አይቷት አያውቅም ነበር፤ የሳለውም ያየውን ዓሣ ሳይሆን ሰዎች የፈሩትን ዓሣ ነው። ብዙ ሰዎች ስለ ሻርክ የሚያወሩት ወሬም እንደዚህ ሥዕል ከንፈር የተቀጠለበት ነው።

ይህ ሥዕል በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ ወዳለው ብሔራዊ የሥዕል ቤት ገባ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር፥ በደቡብ አውስትራልያ በአልዲንጋ ባሕር ዳር፥ ውኃ ውስጥ ጠልቀው ዓሣ በጦር የሚወጉ ሰዎች ይወዳደሩ ነበር። ከነርሱ አንዱ ሮድኒ ፎክስ የሚባል የ23 ዓመት ጐልማሳ ነው። ብዙ ዓሣ ስለ ተወጋ ደሙ በውኃው ተበትኗል። ሮድኒ አንድ ዓሣ ሊወጋ ሲያነጣጥር፥ ነጭ ሻርክ ከጎኑ መጥቶ ደረቱንና ጀርባውን በአፉ ያዘ። ሰውየው የሻርኩን ዓይን በጣቱ ሲፈልግ ሻርኩ ለቀቀው፤ ነገር ግን ለመከላከል የዘረጋው እጁ በሻርኩ አፍ ገብቶ ክፉኛ ተቀደደ። ሊተነፍስ ወደ ላይ ሲወጣ ሻርኩ ተከተለው። በዚህ ጊዜ የዋጠው ሰውየውን አይደለም፤ በገመድ ከወገቡ ጋር የታሰረውን የዓሣ መያዣ ተንሳፋፊ ነው። ገመዱም ሰውየውን ይዞት ወደ ጥልቁ ወረደ። ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ገመዱ ተቈረጠ። በአጠገቡ የነበረች ጀልባም ፈጥና አነሣችው። ጠባብ የላስቲክ ልብሱ ቍስሉን ጨብጦ ስለ ያዘለት ሐኪም ቤት በሕይወት ደረሰ፤ በብዙ መቶ ስፌትም ተሰፋ።

እንዲህ ያለ ሰው ዳግመኛ ባሕር ይገባል ብሎ ማን ያስባል? ሮድኒ ግን ጥቂት ወራት ቈይቶ ተመለሰ። የነከሰውን ፍጥረት ማወቅ ፈለገ። አራዊት በሚጠበቁበት ስፍራ አንበሶች በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነው ሰዎች ያለ ስጋት በቅርብ ሲያዩአቸው ተመለከተና ነገሩን ገለበጠው፤ በባሕር ግን ፍርግርግ ውስጥ የሚገባው ሰው ይሁን፥ ሻርኩ በውጭ ይዙር ብሎ አሰበ። በ1960ዎቹም ዓመታት የብረት ፍርግርግ አሠርቶ ከጀልባ ወደ ባሕር አወረደ፤ በውስጡም ሆኖ ነጭ ሻርክን ፊት ለፊት አየው።

ከዚያም ወዲህ ብዙ ነገር ታወቀ። ሻርክ የደም ሽታ ከሩቅ ይሰማል፤ በአፍንጫው ዙሪያ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎችም የሌላው ዓሣ ሥጋ ሲንቀሳቀስ የሚወጣውን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ያውቃል። እጅ የለውምና ያላወቀውን ነገር በአፉ ይፈትናል፤ ብዙ ጊዜ ሰውን አንድ ጊዜ ነክሶ የሚተወው ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ለተነከሰው ሰው ግን ይህ ትንሽ መጽናኛ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ጆስ ለሚባለው ሲኒማ በደቡብ አውስትራልያ ባሕር ፎቶግራፍ ሲነሣ፥ አንድ ታላቅ ነጭ ሻርክ ከፍርግርጉ ማንጠልጠያ ገመድ ጋር ተጠላለፈ። እየተንፈራገጠ ጀልባይቱን አናወጣት፤ በመጨረሻም ፍርግርጉ ተቈርጦ ሰጠመ። በውስጡ ሰው አልነበረም። ያ ሻርክ የታገለው ለመብላት ሳይሆን ለማምለጥ ነው፤ ሲኒማውን ያየ ሕዝብ ግን እጅግ ፈራ፥ ሻርክ ማደንም ለብዙዎች እንደ ጀግንነት ሆነ።

ሻርክ ሳይነኩት ሰውን የሚነክሰው በዓለም ሁሉ በዓመት 60 ወይም 70 ጊዜ ያህል ነው፤ ከነዚህም የሚሞቱት ጥቂቶች ናቸው። ሰው ግን ለሥጋውና ለክንፉ ሲል በየዓመቱ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠሩ ሻርኮችን ይገድላል። ስለዚህ ደቡብ አፍሪካ በ1991 ዓ.ም. ነጭ ሻርክ እንዳይገደል በሕግ ከለከለች፤ አውስትራልያም ተከተለች። ሮድኒ ፎክስ ራሱ ሻርክ እንዲጠበቅ ከሚናገሩት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ከሻርኮች ሁሉ ታላቁ ግን ነጩ አይደለም፤ ዓሣ ነባሪ ስለሚያህል በዓሣ ነባሪ ስም የተጠራው ሻርክ ነው። ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። እርሱን ለማየት ወደ አውስትራልያ መሄድ አያስፈልግም፤ በጎረቤታችን በጅቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፥ ከኖቬምበር ጀምሮ ባሉት ወራት ወደ ባሕሩ ዳር ቀርቦ ይታያል። ባለ ጀልባዎች ሞተራቸውን ቀስ አድርገው ይጠጋሉ፤ ዋናተኞችም ሳይነኩት በጎኑ ይዋኛሉ። በዚያ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው፤ ቢሆንም ከጀልባይቱ የሚበልጥ አይጠፋም። ጀርባው በነጫጭ ነጠብጣብ የተሞላ ነው፤ የአንዱ ነጠብጣብ ከሌላው ጋር ስለማይመሳሰል ሊቃውንት እያንዳንዱን በዚህ ይለዩታል። ወደ ሰው ሲመጣ ሰው የሚያስገባ የሚመስል አፉን ከፍቶ ነው። ነገር ግን የሚፈልገው በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩትን የባሕር ተንሳፋፊ ነፍሳት ነው፤ ውኃውን ያጣራና ይውጣቸዋል። ከዚያም ጭራውን ቀስ ብሎ እያወዛወዘ በጀልባይቱ ሥር አልፎ ይሄዳል።