የሪያድ ሌሊትና የተረኛው እንቅልፍ

ሪያድ በኅዳር 2023 የ2030ን ዓለም አቀፍ ኤክስፖ እንድታስተናግድ ስትመረጥ፣ ከአንድ ዓመት በኋላም የ2034 የዓለም ዋንጫ ለሳዑዲ ዓረቢያ ሲሰጥ፣ ወሬው ሁሉ የስታዲየምና የሆቴል ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ ግን ከዚያ በፊትም ሌሊቷን ቀን ማድረግ ጀምራለች። ከ2019 ወዲህ የሪያድ ሲዝን ትርዒቶች ሕዝቡን እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በላይ ያቆያሉ፤ ከ2020 ጀምሮ ሱቆች ፈቃድ አውጥተው 24 ሰዓት እንዲሠሩ ተፈቅዷል፤ በ2024 መገባደጃ ደግሞ ሜትሮው ሥራ ጀምሯል። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ 7 ሚሊዮን የደረሰው የከተማዋ ነዋሪ ሲያመሽ አብረውት የሚያድሩ ሰዎች አሉ። 997 ሲደወል የሚነሡት የሳዑዲ ቀይ ጨረቃ ባለሥልጣን የአምቡላንስ ባለሙያዎች፣ በየሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል የሚያድሩት ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው። እነዚህ ሰዎች የሚደክሙት ራሳቸውን መጠበቅ ስለማያውቁ አይደለም። ድካሙ ከፈረቃ ፕሮግራሙ ጋር አብሮ ተጽፎ ይሰጣቸዋል፤ መፍትሔውም እዚያው ፕሮግራም ላይ ካልተጻፈ ምክርና ማሳሰቢያ ብቻውን የትም አያደርስም።

ስለ ሰውነት ሰዓት የሚታወቀው ነገር ዛሬ አከራካሪ አይደለም። የ2017 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ይህን ሰዓት የሚያንቀሳቅሱትን ጂኖች ለደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን ተሰጥቷል። ሰው የቱንም ያህል ልማድ ቢኖረው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነቱ ሙቀትም ንቃቱም ይወርዳል። ዶውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 ባሳተሙት ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ፈተና ላይ የሚያሳየው ድክመት በደሙ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ፤ ወደ 24 ሰዓት ሲጠጋ 0.10 ከመቶ ካለበት ጋር። ይህን ወደ ሪያድ እናምጣው። ጠዋት 1 ሰዓት ተነሥቶ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ቀኑን ሳይተኛ ውሎ ማታ 1 ሰዓት ላይ የ12 ሰዓት ፈረቃ የሚገባ ባለሙያ፣ እኩለ ሌሊት ላይ 17ኛ ሰዓቱን ይይዛል። ፈረቃው ገና ሰባት ሰዓት ይቀረዋል። በዚያ ሰዓት አለርጂ ጉሮሮውን የዘጋው በሽተኛ ቢገጥመው የሚያነሣው አድሬናሊን ነው። መድኃኒቱ በሁለት ዓይነት ይመጣል፦ በአንዱ 1 ሚሊግራም በ1 ሚሊ ሊትር፣ በሌላው ያው 1 ሚሊግራም በ10 ሚሊ ሊትር። ለአለርጂው ግማሽ ሚሊግራም ጡንቻ ላይ ይወጋል፤ ልቡ ለቆመ ሰው ግን 1 ሚሊግራም በደም ሥር ይገባል። የደቀቀውን ጽሑፍ በአምቡላንሱ መብራት አንብቦ፣ መጠኑን ቀንሶ፣ የሚወጋበትን ቦታ መርጦ የሚወስነው ያ 17 ሰዓት የነቃ ጭንቅላት ነው።

በአምቡላንስ ሠራተኞች ላይ ከተሠሩት ጥናቶች መሠረት ሆኖ የሚጠቀሰው በዳንኤል ፓተርሰን መሪነት በአሜሪካ 30 ተቋማት ውስጥ 511 ሠራተኞችን ጠይቆ በ2012 የታተመው ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ድካም ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ካልደከሙት ጋር ሲነጻጸሩም በሥራ ላይ የመጎዳት ዕድላቸው ወደ ሁለት እጥፍ፣ የሕክምና ስሕተት የመሥራት ዕድላቸው ከሁለት እጥፍ በላይ፣ ደኅንነትን የሚጥስ አሠራር የመከተል ዕድላቸው ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ሪያድን ጨምሮ በሳዑዲ ከተሞች የተሠሩት ጥናቶች አብዛኞቹ የዚህ ታናናሽ ወንድሞች ናቸው፤ ለአንድ ጊዜ የሚሞላ መጠይቅ ይበተናል፣ ሰው ስለ ራሱ ይናገራል፣ ውጤቱ ይቆጠራል። እዚህ ላይ የሚጠራጠር ሰው ተቃውሞው ተገቢ ነው። ሰፊ ተቀባይነት ያለው የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መጠይቅ በ1989 የተዘጋጀው ሌሊት ለሚተኛ ሰው ነው፤ ባለፈው ወር ሌሊት በስንት ሰዓት እንደተኛህ ይጠይቅሃል። በሳምንት ሦስት ሌሊት የሚያድር ባለሙያ ለዚህ ምን ብሎ ይመልሳል? ቢሆንም መለኪያው ጎደሎ ነው ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም። ከመጠይቅ ውጭ የተሠራ ማስረጃም አለ። በ2004 አሜሪካ ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ተለማማጅ ሐኪሞች ከ24 ሰዓት የሚያልፈውን አዳር በያዘው ነባር ፕሮግራም ሲሠሩ፣ አዳሩ ካጠረበት ፕሮግራም ይልቅ 35.9 ከመቶ የበለጠ ከባድ ስሕተት ፈጽመዋል። ያን ያስተዋሉት አጠገባቸው ቆመው የሚከታተሉ ታዛቢዎች ነበሩ፤ የሐኪሞቹ የራሳቸው ቃል ብቻ አልነበረም።

የረጅም ጊዜው ጤና ላይ ብዙ አልቆይም። የልብ ሕመም፣ ስኳር፣ ውፍረት፣ የጨጓራ ሕመም፣ ድባቴ፤ ዝርዝሩ ከአገር አገር ብዙም አይለይም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2007 የሌሊት ፈረቃን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት ምድብ ውስጥ አስገብቶ በ2019 ዳግም አጽንቶታል።

ሪያድን ከሌላው የሚለያት ረመዳን ነው፤ የእንቅልፍ ምርምሩም ትልቁ ክርክር የሚገኘው እዚህ ነው። በዚያ ወር ከተማዋ ከምሽቱ የተራዊህ ሶላት በኋላ ትነቃና ከንጋት በፊት እስከሚበላው ሱሑር ትንቀሳቀሳለች፤ በየቤቱ የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን የሌሊት ሩጫ ከማንም በላይ ያውቁታል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሙስሊም ሠራተኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ወደ 6 ሰዓት ዝቅ ያደርጋል። አምቡላንስ ግን ሃያ አራቱንም ሰዓት መሸፈን አለበት፤ የጾም መፍቻው ኢፍጣር ሊደርስ ሲል ወደ ቤቱ የሚጣደፈው መኪናም፣ ሌሊቱን በጎዳና የሚያሳልፈው ሰውም የእሱ ጉዳይ ነው። በሌላ አገር የሌሊት ተረኛ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጥሪው ሲቀዘቅዝ ትንሽ ጎኑን ያሳርፋል ተብሎ ይታሰባል። ከተማው ራሱ በማይተኛበት ወር ግን ያ ተስፋ በጣም ጠባብ ነው። ታዲያ በረመዳን የሚታየውን ድብታ ብዙ ሰው የጾሙ ውጤት አድርጎ ይወስደዋል። በንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ የእንቅልፍ ሕክምና ማዕከልን የመሩት ፕሮፌሰር አሕመድ ባሐማም ይህን እምነት ለመፈተን ዓመታት ሰጥተዋል። ወጣት ወንዶችን ወደ ላቦራቶሪ አስገብተው፣ የሚተኙበትንና የሚነሡበትን ሰዓት ቋሚ አድርገው፣ በጾም ጊዜና ከጾም ውጭ ድብታቸውንና የምላሽ ፍጥነታቸውን አነጻጸሩ። የእንቅልፉ ሰዓት ካልተነካ ጾሙ ብቻውን ድብታ አልጨመረም። የጥናቱ ተሳታፊዎች ጥቂት ናቸው፤ ላቦራቶሪም አምቡላንስ አይደለም። ለእኔ ግን በዘርፉ ካሉት ሥራዎች ሁሉ ለሪያድ የሚበጀው ይህ ነው፤ ጥፋቱን ከሰውየው ሆድና ከእምነቱ ላይ አንሥቶ የሚተኛበት ሰዓት ላይ ያስቀምጠዋልና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በ2018 በአሜሪካ ለአምቡላንስ አገልግሎት የወጣው መመሪያ አምስት ነገር ይመክራል፦ ድካምን በመጠይቅ መከታተል፣ ፈረቃን ከ24 ሰዓት በታች ማድረግ፣ ቡና ማቅረብ፣ በሥራ ላይ ሸለብታን መፍቀድና ሠራተኛውን ማስተማር። ስለ ቡና አበሻን ማስተማር አያስፈልግም፤ የሐረር ቡናችንም በሳዑዲ ቤቶች የተከበረ ነው። ሆኖም ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ንጋት ላይ የተጠጣው ሲኒ ጠዋት 2 ሰዓት አልጋ ላይ አብሮ ይወጣል፤ ከዚያም ፀሐይ አለ፣ ስልክ አለ፣ እኩለ ቀን ላይ የዙህር አዛን አለ። የ12 ሰዓት ፈረቃ ይጠርም ቢባል ብዙዎቹ ሠራተኞች ራሳቸው ይቃወማሉ። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም፤ ረጅም ፈረቃ ብዙ የዕረፍት ቀን ይሰጣል፣ በሽተኛን ከእጅ ወደ እጅ ማስተላለፍ ይቀንሳል፣ ሰፊ ከተማ ውስጥ የመንገድ ምልልስንም ያስቀራል። ስለዚህ ትኩረቴ ሸለብታው ላይ ነው። የሚቃወሙት ከእንቅልፍ የተነሣ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ይደነግዛል፣ ደንግዞ አምቡላንስ መንዳት የለበትም ይላሉ። እውነት ነው። ግን ሸለብታው 20 ወይም 30 ደቂቃ ከሆነ ድንግዝግዙ አጭር ነው፤ ተራ ወጥቶለት ሌላ ቡድን ጥሪውን ከያዘ ደግሞ ሰውየው መሪ የሚጨብጠው ከነቃ በኋላ ይሆናል። በአንጻሩ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መሪ ላይ የሚያንጎላጀውን ሹፌር ማንም ተራ አያወጣለትም። ይህ ለሪያድ እንግዳ ሐሳብም አይደለም። የቀትር ሸለብታ በዐረብኛ ቀይሉላ ይባላል፤ በእስልምናም የተወደደ ልማድ ነው። ባሐማምም እንቅልፍን ከእስልምና አንጻር በተመለከቱበት ጽሑፋቸው አንሥተውታል። ቀትር ላይ ለነጋዴው የተፈቀደው ነገር ሌሊት ለአምቡላንስ ባለሙያው ሲሆን ስንፍና የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም። የኦክስጅን ሲሊንደሩ ስንት እንደቀረው በየፈረቃው ተመዝግቦ ይፈረምበታል፤ የሰውየው እንቅልፍም እንዲሁ ሊመዘገብ ይገባዋል።

ይህን ለማሰላሰል ጊዜ አለ፤ ቀኑ ግን ታውቋል። ኤክስፖው ከጥቅምት 2030 እስከ መጋቢት 2031 ይቆያል። የጨረቃው አቆጣጠር እንደሚያሳየው የሒጅራ 1452 ረመዳን የሚገባው በታኅሣሥ 2030 መጨረሻ፣ ልክ በኤክስፖው መካከል ነው። ከተማዋ በእንግዳ ተሞልታ፣ ሌሊቱ እንደ ቀን ደምቆ በሚያልፍበት በዚያ ወር 997ን የሚያነሡት ሰዎች የአዳር ተራ ከአሁኑ ወረቀት ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ማን እንደሚነዳና ማን እንደሚተኛ ጭምር።