የድሮ ሜዳ፣ የታወቀ ስም

የቢትልስን የሙዚቃ ቡድን ስም የያዘው የፒንቦል ማሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ቺካጎ አካባቢ ካለው የስተርን ፋብሪካ ሲወጣ የተሠራው 1,964 ብቻ ነው። ቁጥሩ በአጋጣሚ አልመጣም፤ 1964 አራቱ የሊቨርፑል ልጆች አሜሪካ ገብተው አገሩን ያናወጡበት ዓመት ነው። ይህ ሰብሳቢን ያስደስት ይሆናል። ተጫዋች ግን የሚጠይቀው ስለ ኳሷ ነው።

ላልተጫወተ ሰው፦ ፒንቦል መስታወት የለበሰ፣ ወደ ተጫዋቹ ትንሽ ያዘነበለ የእንጨት ሜዳ ነው። ላዩ ላይ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት የብረት ኳስ ትሮጣለች። በሣጥኑ ግራና ቀኝ ያሉትን ቁልፎች ሲጫኑ ፍሊፐር የሚባሉት መምቻዎች ብድግ ብለው ኳሷን ወደ ላይ ይመልሷታል፤ በመካከላቸው ከሾለከች አበቃ። ፍሊፐር የመጣው በ1947 ነው። ከዚያ በፊት ጨዋታው ባብዛኛው የዕድል ነበር፤ ኒውዮርክ ከተማም ፒንቦልን ከቁማር ቆጥራ እስከ 1976 ከልክላው ኖራለች።

የቢትልሱ ማሽን ሜዳ አዲስ ፈጠራ አይደለም። መሠረቱ በ1980 የወጣው «ሲዊች» የተባለ ማሽን ነው። የዛሬዎቹን ማሽኖች የሞሉት የፕላስቲክና የሽቦ መወጣጫዎች እዚህ የሉም። ሲመቱ የሚሰምጡ ዒላማዎች፣ ኳስ ስታልፍባት የምትሽከረከር ቁራጭ ብረት፣ አራት ፍሊፐር፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው። ከተጨመሩት ነገሮች ዋናው መሃል ላይ እንደ ሸክላ የሚዞር ባለ ማግኔት ሳህን ሲሆን፣ ኳሷን ይዞ ባልታሰበ አቅጣጫ ይወረውራታል። እኔ በበኩሌ ጭማሪውን ወድጄዋለሁ፤ የድሮውን ሜዳ ሳያበላሽ ያስደነግጣል።

ክፍት ሜዳ ኳስን ያፈጥናል፣ ጨዋታንም ያሳጥራል። የማሽኑን ነጥብና ሕግ የሚወስነውን ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ይህን ካልተረዳ ነገሩ ይበላሻል። ለማነጻጸር፣ በ1992 የወጣው «አዳምስ ፋሚሊ» ከ20,000 በላይ የተሸጠ፣ በዚያው ስም የተሠራው ፊልም ተዋናዮች ራውል ጁሊያና አንጀሊካ ሂዩስተን ራሳቸው ድምፃቸውን የሰጡት፣ ተጫዋቹን ከክፍል ወደ ክፍል እየመራ ታሪክ የሚያጫውት ማሽን ነው። ሜዳውም ለዚያ ታስቦ የተነደፈ ነው። ያንን ጥልቀት ከ1980 ሜዳ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እዚህ የሚጠበቀው ግልጽ ነጥብ ነው፤ የመጨረሻዋን ዒላማ የጣለ ሰው ምን እንዳገኘ ቀና ብሎ ስክሪን ሳያይ ማወቅ አለበት።

ሌላው ፈተና በታወቀ ስም የመጠቀም ፈቃዱ ነው። ዘፈኑም ሥዕሉም ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ይከፈለዋል፣ ሥራውንም አይቶ ያጸድቃል። ይህን ያህል ተከፍሎበት ፕሮግራሙ ዘፈን ከማሰማት ካላለፈ ግን ገንዘቡ የሄደው ለሸክላ ማጫወቻ ነው።

እንዲህ ያለ ማሽን ለመግዛት ካሰቡ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው ይጫወቱት። ሁለተኛ ዙር ካላማረዎት ይተዉት።